ምዕራፍ 7፦ የሚጮኽ ምድጃ

ድምፁ የጀመረው በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ነው። መጀመሪያ የጎረቤት ውሻ የሚያላዝን መስሎን ነበር። ሲጥጥጥ ይልና ዝም፤ ጥቂት ሰኮንድ ቆይቶ እንደገና ሲጥጥጥ። ባለቤቴ ተነሥታ ሳሎን ደርሳ መጣችና፣ «ውሻ አይደለም፤ ምድጃችን ነው» አለችኝ። የምንኖረው በዋሽንግተን ግዛት፣ ከካስኬድ ተራሮች በስተምሥራቅ ነው። በዚያ ወር ሌሊቱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ልጆች ባሉበት ቤት ምድጃ አጥፍቶ መተኛት የሚታሰብ አይደለም። እስኪነጋ እየሰማነው አደርን።

በማግስቱ ያደረግኩትን ዛሬ ለማንም አልመክርም። ድምፁ ከኋላ፣ ከሞተሩ አካባቢ ስለመጣ «ሞተሩ አርጅቷል» ብዬ ፈረድኩ። አዲስ ሞተር አዘዝኩ፤ ሳምንት ጠበቅኩ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ምድጃውን ከግድግዳው ስቤ ስፈታና ሳስር ዋልኩ። ማታ አነደድነው። ሲጥጥጥ።

እሑድ ዕለት አንድ አዛውንት ዘመዳችን ሊጠይቁን መጡ። ወደዚህ አገር ከመምጣታቸው በፊት ጎጃም ውስጥ የእህል ወፍጮ ሲተክሉና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ቡናው እስኪፈላ ከምድጃው ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡና ምንም ሳይናገሩ ለረጅም ጊዜ አዳመጡት።

«ሞተሩን መቼ ነው የቀየርከው?» አሉኝ።

«ትናንት ነው፣ ጋሼ።»

«ሞተር ሲያረጅ እንዲህ እየተወ አይጮኽም። ይሄን የበላው ነው ያነቀው። በል ቋቱን አራግፈውና እየው።»

አራገፍኩት። ከቋቱ ሥር ሁለት ትልልቅ ኩባያ የሚሞላ ብናኝ ተጠራቅሟል። ፔሌቱን የሚገፋው ጠመዝማዛ ብረት ዙሪያውን ጭቃ ተለስኖ የደረቀ ይመስላል። ፈቀፈቅኩት፣ ጠረግኩት፣ መልሼ ገጠምኩት። ሥራው አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ምድጃው ዝም አለ። አውጥቼ የጣልኩት ሞተር ምንም አልነበረበትም።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ያ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የፔሌት ምድጃ ሲጮኽ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ቆሻሻ ነው፤ የሰበረው ነገር ገና የለም። ቆሻሻው ካልተነሣ ግን ነገ የሚሰብረው ነገር ይኖራል። ስለዚህ መጀመሪያ ማዳመጥ፣ ቀጥሎ ማጽዳት፣ ዕቃ መግዛት ከሁሉም በኋላ።

ምድጃውን ለማያውቁት ባጭሩ ላስተዋውቅ። ፔሌት ማለት ሰጋቱራ ደርቆ፣ በኃይል ተጨምቆ፣ በብረት ወንፊት ቀዳዳዎች ሲገፋ የሚወጣ የእርሳስ ውፍረት ያለው እንክብል ነው። እንክብሉን የሚያጣብቀው በአብዛኛው የተጨመረበት ሙጫ አይደለም። እንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር በጭመቃው ሙቀት ይለሰልስና ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠነክራል። ይህን እንክብል ለቤት ማሞቂያ የሚያነድደው ምድጃ የተወለደው እዚሁ ዋሽንግተን ግዛት ነው። የ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ቀውስ ሰውን ሌላ ማገዶ እንዲፈልግ ካደረገ በኋላ፣ የቦይንግ መሐንዲስ የነበረው ጄሪ ዊትፊልድ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቤት ፔሌት ምድጃ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ ብርዳማ ግዛቶችና በአውሮፓ፣ በተለይም በጣሊያን፣ በብዙ ቤቶች ይገኛል።

ከእንጨት ምድጃ የሚለየው አንዱ ነገር አብዛኛው ያለ ኤሌክትሪክ የማይነድ መሆኑ ነው። ከላይ ፔሌቱ የሚጠራቀምበት ቋት አለ። ከቋቱ ሥር የስጋ መፍጫ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ ብረት የመሰለ ኦገር ቀስ ብሎ እየዞረ ፔሌቱን ይገፋና ወደ ማንደጃው፣ ማለትም ወደ ትንሿ ቀዳዳ የበዛባት የብረት ሳህን፣ ጠብ ጠብ ያደርገዋል። አንድ ማራገቢያ ጭሱን እየሳበ ወደ ውጭ ይወስዳል፤ ይህን የጭስ ማራገቢያ እንበለው። ሁለተኛው የክፍሉን አየር በጋሉት ቱቦዎች መካከል እያሳለፈ ሞቅ አድርጎ ወደ ሳሎን ይመልሳል፤ እሱን የሙቀት ማራገቢያ እንበለው። እንግዲህ የሚንቀሳቀሱት ሦስት ናቸው፤ ኦገሩና ሁለቱ ማራገቢያዎች። ጩኸት ሲኖር ከሦስቱ የአንዱ ነው ቢባል ብዙም ስሕተት የለውም።

መቼ ነው የሚጮኸው?

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ያዳመጡት ድምፁ ምን እንደሚመስል ብቻ አልነበረም። መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚሄድ ነበር የሚቆጥሩት። ወፍጮ ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቃል፤ እህሉ ቋት ውስጥ ሲያልቅ ድንጋዩ ባዶውን ሲፋጭ ድምፁ ይለወጣል፤ ወፍጮ ጠባቂውም ጀርባውን ሰጥቶ እያወራም ቢሆን ዘወር ይላል።

ሦስቱ የምድጃው ሞተሮች የሚሠሩበት ሰዓት የተለያየ ነው። የጭስ ማራገቢያው ምድጃው ሲበራ ወዲያው ይነሣል፤ እሳት ሳይኖርም ይሠራል። የሙቀት ማራገቢያው ግን ብረቱ እስኪሞቅ ይጠብቃል፤ ከእሳቱ በኋላ ደቂቃዎች ቆይቶ ነው የሚጀምረው። ኦገሩ በብዙ ምድጃዎች ላይ ለጥቂት ሰኮንድ ዞሮ ለጥቂት ሰኮንድ ያርፋል። እሳቱን ከፍ ሲያደርጉት የሚዞርበት ጊዜ ይረዝማል፣ ዕረፍቱ ያጥራል።

ከዚህ በኋላ ምርመራው ቀላል ነው። ምድጃው በርቶ እሳት ሳይያዝ ያለማቋረጥ ከጮኸ የጭስ ማራገቢያው ነው። ቤቱ መሞቅ ሲጀምር አብሮ ከተነሣና የንፋሱን ኃይል ሲቀንሱት ድምፁም ከወረደ የሙቀት ማራገቢያው ነው። እየጮኸ እየተወ፣ እንደ እኛ ቤት ሌሊቱን በልክ እየተመላለሰ ከመጣ ኦገሩ ነው። ካልተለየዎ ደግሞ ምድጃውን ያጥፉት። ሲጠፋ ኦገሩ ወዲያው ይቆማል፤ ማራገቢያዎቹ ግን ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ይቀጥላሉ። ጩኸቱ ከመጥፊያው ጋር አብሮ ከጠፋ ኦገሩን ይጠርጥሩ፤ ከቀጠለ ማራገቢያዎቹን።

ለሁለቱ ማራገቢያዎች መለያ መካኒኮች የሚጠቀሙባት ዘዴ አለች። እጀታው ፕላስቲክ የሆነ ረጅም ካቻቢቴ ይያዙና ጫፉን የማይንቀሳቀሰው የሞተር ሽፋን ላይ አስደግፈው እጀታውን ጆሮዎ ሥር ያድርጉ። የሐኪም ማዳመጫ የሚሠራውን ይሠራል፤ የታመመው ኩሽኔታ ብረቱን ተከትሎ ሲያጉረመርም ይሰማል። የሚዞር ነገርና የተገለጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለበት ቦታ ግን አያስጠጉት።

አማርኛችን ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ሲጥጥ ማለት አንድ ነገር ነው፤ መንገጫገጭ ሌላ፤ መንቋቋት ሌላ፤ ማጓራት ሌላ፤ ማፏጨት ሌላ። ለጠጋኙ በስልክ «ይጮኻል» ብቻ ካሉት ምንም አልነገሩትም። «በየጥቂት ሰኮንዱ ሲጥጥ ይላል» ካሉት ግማሹን ሥራ ሠርተውለታል።

ሲጥጥ የሚለው ኦገር

የሲጥጥታው ምክንያት ብዙ ጊዜ ብናኝ ነው። ፔሌት በፋብሪካ፣ በመኪና፣ በመጋዘን፣ በመጨረሻም እኛው ከረጢቱን ስንጥለው ይሰበራል። ሲሰበር ወደመጣበት ሰጋቱራ ይመለሳል። ቋቱ ውስጥ ስናፈሰው ደህናው ፔሌት እየተነሣ ይነድዳል፤ ብናኙ ግን ሥር ሥሩን እየተንሸራተተ ይከማቻል። ኦገሩ በደቂቃ ጥቂት ዙር ብቻ የሚዞር ዘገምተኛ ነገር ነው፤ ዘገምተኛነቱን የሚያካክሰው በጉልበቱ ነው። ስለዚህ ብናኙን ከቱቦው ግድግዳ ጋር እየደፈጠጠ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ቅርፊት ያደርገዋል። ትንሽ እርጥበት ከገባበትማ መልሶ እንጨት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ከማሲንቆ ጋር አንድ ነው። የማሲንቆው ደጋን ጭራ ክሩን ለቅጽበት ይዞ ይጎትተዋል፣ ይለቀዋል፣ ደግሞ ይይዘዋል። ይህ መያዝና መልቀቅ በሰኮንድ ብዙ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ክሩ ይዘምራል። ጭራው ሙጫ የሚቀባው መያዙ እንዲጠብቅ ነው። ኦገሩም ሲገፋ ፔሌቱ በዚያ ቅርፊት ላይ ይያዛል፣ ይለቀቃል፣ ይያዛል። ድምፁ ቀጭን የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሞተር ቢቀየር ደጋኑን የሚይዘው እጅ ተቀየረ እንጂ ክሩም ጭራውም አልተነኩም፤ የእኔ 1 ሳምንትና የሞተሩ ዋጋ የባከነው እዚህ ላይ ነው።

ሲያጸዱ በመጀመሪያ ስፒናውን ከሶኬት ይንቀሉ። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፤ ኦገሩ ጣት የሚያደቅቅ ጉልበት አለው፣ መቆጣጠሪያው ደግሞ ባላሰቡት ሰዓት ሊያዞረው ይችላል። ፔሌቱን በኩባያ ቀድተው ያውጡ፤ የቀረውን በቫኪዩም ክሊነር ይምጠጡት። ከዚያ ኦገሩን ከነሞተሩ የያዙትን ብሎኖች ፈትተው መሳብ ነው። በአንዳንድ ምድጃ ከፊት፣ በአንዳንዱ ከኋላ ይወጣል፤ መመሪያውን ያዩታል። ከመፍታትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ሽቦ የት እንደነበረ ማስታወስ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ቅርፊቱን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይፈቅፍቁ፣ ቱቦውን በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉ። ቅባት ወይም ዘይት ቱቦው ውስጥ በፍጹም አይግባ። ብናኝና ዘይት ሲገናኙ የባሰ ሊጥ ይሆናሉ፤ የቱቦው ጫፍ ደግሞ እሳት አጠገብ ነው።

ኦገሩ ተነቅሎ ሳለ ጫፉ የሚያርፍበትን ቀለበት ይመልከቱ። ከናስ ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ሲበላ ብረት ከብረት ይፋጫል። ያኔ ድምፁ ሲጥጥ መሆኑ ይቀርና ወፍራም ማጓራት ይሆናል። ያንን ጽዳት አያድነውም፤ ይቀየራል። በየዙሩ ቀጭ የሚል ነገር ካለ ደግሞ የሞተሩ ጥርስ ተሸርፏል ማለት ነው፤ እውነትም ሞተር የሚገዛው ያኔ ነው።

አንድ ግራም አመድ

ወደ ማራገቢያዎቹ እንምጣ። እዚህ የሚሰማው መንገጫገጭ ነው፤ ወለሉ ሁሉ የሚንቀጠቀጥ እስኪመስል፣ ምድጃው ላይ የተቀመጠ ስኒ እስኪንቀሳቀስ ድረስ።

የጭስ ማራገቢያው ምላሶች ሌሊትና ቀን በጭስ መካከል ይዞራሉ። ከእሳቱ የሚነሣው ከዱቄት የላመ አመድ ምላሶቹ ላይ ይለጠፋል። ሁሉም ላይ እኩል ቢለጠፍ ባልከፋ ነበር። ግን አንድ ቀን ከአንዱ ምላስ ላይ ቅርፊቱ ይራገፋል፤ ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ ማራገቢያው አንድ ጎኑ የከበደ ነው።

የከበደው በአንድ ግራም ብቻ ነው እንበል። ያቺ ግራም ከመሐሉ 6 ሴንቲ ሜትር ርቃ ብትቀመጥና ማራገቢያው በደቂቃ 3,000 ጊዜ ቢዞር፣ ዘንጉን ወደ ውጭ የምትጎትትበት ኃይል የ600 ግራም ክብደት ያህል ይሆናል። በሰኮንድ 50 ጊዜ አቅጣጫዋን እየቀያየረች፣ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ ታች። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ ኃይሉ በግማሽ ብቻ አይቀንስም፤ ወደ ሩብ፣ ወደ 150 ግራም ይወርዳል። ምድጃው በዝቅተኛ ደረጃ ሲነድ ጸጥ ብሎ ከፍ ሲደረግ የሚያብደውም ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ምት የሚሸከሙት ሁለት ትንንሽ ኩሽኔታዎች ናቸው። ወራት እንዲህ ሲደበደቡ ይለቃሉ፤ ያኔ መንገጫገጩ ወደሚሰቀጥጥ የብረት ፉጨት ይለወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት በብሩሽ የሚያልቀው ሥራ በመጨረሻ ሙሉ ሞተር ያስገዛል። ከዚህ የበለጠ የሚያንገበግበኝ ወጪ የለም።

ማራገቢያው ከማቀፊያው ላይ ጥቂት ብሎኖች ተፈትተው ይወጣል። ምላሶቹን በለስላሳ ብሩሽ አንድ በአንድ ይጥረጉ፤ ቀጭን ስለሆኑ አያጣሟቸው፤ ሞተሩን ውኃ አይንካው። ከዚያ በጣትዎ ያዙሩት። ደህና ኩሽኔታ ያለ ድምፅ ጥቂት ዞሮ ቀስ ብሎ ይቆማል። አሸዋ እንደገባበት ከተንገራገጨ፣ ወይም ዘንጉን ወደ ጎን ሲነቀንቁት ከላላ፣ ጊዜው አልፏል። ምላሶቹን ከዘንጉ ጋር የምታስረዋን ትንሽ ብሎንም ጠበቅ ያድርጓት፤ እሷ ስትላላ የሚሰማው መንቋቋት ስንቱን ሰው አስደንግጧል። መልሰው ሲገጥሙ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። ጭስ የሚያልፍበት መገጣጠሚያ ነውና አሮጌውን መልሶ መጠቀም ጥቂት ብር ለማትረፍ ጤናን ማስያዝ ነው። (ኩሽኔታና ጓርኒሲዮን ከጣሊያንኛ የወረስናቸው የጋራዥ ቃላት ናቸው። እዚህ አገር ዕቃ ሱቅ ሲሄዱ ቤሪንግ እና ጋስኬት ብለው ይጠይቁ።)

የሙቀት ማራገቢያው ጭስ አይነካውም፤ የእሱ ጠላት የቤት አቧራ፣ የምንጣፍ ክርና የድመት ጸጉር ነው። በርሜል የመሰለው የማራገቢያው ጎማ ምላሶች መካከል እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ያገኙታል። ሲያጸዱ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ከምላሶቹ በአንዱ ላይ ትንሽ የብረት ቅንጥብ ተሰክታ ካዩ አይንቀሏት። ቆሻሻ ትመስላለች፤ ግን ፋብሪካው ሚዛኑን ለመጠበቅ ሆን ብሎ ያስቀመጣት ናት።

ዘይትን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብዙዎቹ ዘመናዊ ሞተሮች ኩሽኔታቸው የታሸገ ነው፤ ዘይት አይቀበሉም። ዘይት መስጫ ቀዳዳ ያለው ሞተር ከሆነ መመሪያው የሚያዝዘውን የሞተር ዘይት ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ በዓመት አንድ ጊዜ ይስጡት። የዛገ ብሎን ማላቀቂያ የሚረጨው ቀጭን ፈሳሽ ለዚህ አይሆንም። ለአንድ ቀን ዝም ያሰኘዋል፤ ከዚያ የነበረውንም ዘይት አጥቦት ይሄድና ጩኸቱ ብሶበት ይመለሳል።

ሌሎቹን ድምፆች በፍጥነት ልለፋቸው። ምድጃው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚሰማው ጠቅ ጠቅታ ብረት ሲለጠጥና ሲሰበሰብ ነው፤ ጤናማ ነው። ፔሌቱ ማንደጃው ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ጠብታም እንዲሁ። የጎን ሽፋኖች ሲንቀጠቀጡ እጅዎን ጫን ሲያደርጉባቸው ዝም ካሉ ብሎናቸውን ማጥበቅ ነው። ምድጃው በእግሮቹ ላይ እኩል ካልቆመም ይንቀጠቀጣል። ፉጨት ካለ ግን ቆም ይበሉ፤ አየር መግባት በሌለበት ቦታ እየገባ ነው፣ ብዙ ጊዜም የበሩን ዙሪያ በሚያሽገው ገመድ ወይም በትክክል ባልተቀመጠ ማንደጃ በኩል። ምድጃው ቀዝቅዞ ሳለ በሩን በአንድ ወረቀት ላይ ይዝጉና ወረቀቱን ይሳቡት። ያለ ችግር ከወጣ ገመዱ ሞቷል።

የጽዳቱ ቀን

እዚህ አገር ፔሌት የሚሸጠው 18 ኪሎ ግራም ገደማ በሚመዝን ከረጢት ሲሆን 50 ከረጢት አንድ የአሜሪካ ቶን፣ ማለትም 907 ኪሎ ያህል ይሆናል። ጥሩ የሚባለው ፔሌት አመዱ ከመቶ 1 እጅ አይበልጥም፤ በአውሮፓ ኢኤንፕላስ ኤ1 የሚል ምልክት ያለው ደግሞ ከ0.7 በመቶ አይበልጥም። ትንሽ ይመስላል። ግን ከአንድ ቶን ከመቶ 1 እጅ 9 ኪሎ አመድ ነው። አብዛኛው አመድ መያዣው ላይ ይወድቃል፤ የላመው ግን ይበርና ከግድግዳው ጀርባ፣ በሙቀት ቱቦዎቹ መካከል፣ በማራገቢያው ላይና በጭስ ማውጫው መታጠፊያ ላይ ይተኛል። መጥረጊያችን የማይደርስበት አመድ ይህ ነው።

ስለዚህ በየቀኑ ማንደጃውን መፈቅፈቅ፣ በየሳምንቱ አመዱን ማውጣት አስፈላጊ ቢሆንም አይበቃም። በግምት አንድ ቶን በተቃጠለ ቁጥር ግማሽ ቀን የሚወስድ ጽዳት ያስፈልጋል። እሳቱ ጠፍቶ፣ ብረቱ ቀዝቅዞ፣ ስፒናው ተነቅሎ ይጀመራል። ማንደጃውን አውጥተው ቀዳዳዎቹን በሚስማር አንድ በአንድ ይክፈቱ። አንዳንዴ ሥሩ ላይ እንደ ድንጋይ የጠጠረ የቀለጠ አመድ ያገኛሉ፤ ፔሌቱ ውስጥ አፈር ወይም ልጣጭ ሲበዛ የሚመጣ ነው፤ አየሩን ይዘጋል። ከዚያ የእሳቱን የኋላ ሰሌዳ ያውጡ። ግድግዳውን በጎማ መዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱት፤ ከውስጥ የሚወርደውን አመድ ድምፅ ይሰማሉ፣ መጠኑም ያስገርምዎታል። ጭስ ማውጫውን ከሥሩ ያለውን ክዳን ከፍተው በልኩ በተሠራ ብሩሽ ይጥረጉ። ቱቦው 7.5 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነው ያለው፤ ጠባብ ስለሆነ ፈጥኖ ይታፈናል።

አየር ሲታፈን ምድጃው ያስታውቃል። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ደማቅ መሆኑ ይቀርና ብርቱካናማ፣ ሰነፍ፣ የሚወዛወዝ ይሆናል፤ መስተዋቱ በአንድ ቀን ይጠቁራል። በመጨረሻም የአየር ግፊቱን የሚጠብቀው መቆጣጠሪያ ኦገሩን ያቆመዋል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ቤቱ ቀዝቅዞ ይነቃሉ። በዚህ ጊዜም ብዙ ሰው የሚገዛው መቆጣጠሪያ ነው፤ መቆጣጠሪያው ግን ሥራውን ነው የሠራው።

አመዱን በተራ የቤት ቫኪዩም አይምጠጡ። አመድ ውስጥ የተደበቀ ፍም ለቀናት ሳይሞት ይቆያል፤ ቫኪዩሙ አየር ሲያገኝለት ከረጢቱን ያቀጣጥለዋል። ለአመድ ተብሎ የተሠራ፣ ገንዳው ብረት የሆነ ቫኪዩም አለ። የወጣው አመድ ክዳኑ በሚገጥም የብረት ባልዲ ውስጥ ይግባ፤ ባልዲው ከቤት ውጭ፣ መሬት ወይም ሲሚንቶ ላይ ይቀመጥ፤ በእንጨት በረንዳ ላይ በፍጹም አይቀመጥ። እናቶቻችን ማታ ፍሙን አመድ አልብሰውት ጠዋት ገልጠው እሳት ያያይዙበት የነበረው ጥበብ እዚህ ቤት የሚያቃጥል አደጋ ነው።

ትልቁን ጽዳት ብዙ ሰው የሚያደርገው መስከረም ላይ፣ ብርዱ ሲጀምር ነው። እኔ ሚያዝያ ላይ፣ የመጨረሻው እሳት እንደጠፋ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። አመድ እርጥበት ይስባል፤ ሲረጥብ ብረት ይበላል። አምስትና ስድስት ወር ሙሉ ቱቦው ውስጥ ከተውነው ዝገቱን ራሳችን ዘርተነዋል ማለት ነው። ቋቱም ባዶ ሆኖ ይክረም፤ ፔሌት በእርጥበት ያብጥና ኦገሩን እንደ ሲሚንቶ ይይዘዋል።

የፔሌቱ ነገርም አይረሳ። ከረጢቱን ከመግዛትዎ በፊት ሥሩን ይዳስሱት፤ ብናኝ በዝቶ እንደ ዱቄት ከረጢት ከለሰለሰ ይተዉት። ከሲሚንቶ ወለል ከፍ አድርገው በእንጨት ርብራብ ላይ ያስቀምጡት፤ ሲያፈስሱም የከረጢቱን የመጨረሻ ኩባያ ብናኝ ወደ ቋቱ አይገልብጡት። እኔ ይህን ብቻ ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ኦገሩን የማወጣው በዓመት አንድ ጊዜ ነው።

ድምፅ የሌለው

እስካሁን ያወራነው ስለሚሰማ ነገር ነው። ከዚሁ ቆሻሻ የሚመጣ የማይሰማ ነገርም አለ። ቱቦው ሲታፈን፣ ጓርኒሲዮኑ ሲያረጅ፣ ወደ ውጭ መሄድ የነበረበት ጭስ ወደ ቤት መንገድ ያገኛል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። አገር ቤት ከሰል አቀጣጥለው በተዘጋ ክፍል ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎችን ታሪክ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ያው ጋዝ ነው። የጭስ ሽታ ከሸተተዎ፣ ወይም ምድጃው ሲነድ የቤተሰቡ ራስ ምታት ከበዛ፣ ያጥፉት፣ ልጆቹን ይዘው ይውጡ፣ ከዚያ ባለሙያ ይጥሩ። የምድጃው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ከተበላሸም ለባለሙያ ይተዉት።

የእርስዎ ምድጃ ዛሬ ማታ ምንም ባይጮኽ እንኳ፣ የጭስ ቱቦው ከተጠረገ አንድ የብርድ ወቅት ካለፈው እስኪጠረግ ድረስ አያንድዱት። መኝታ ቤቶቹ አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከሌለ ደግሞ ነገ ጠዋት ገዝተው ይስቀሉ።